አይሶአሚል አሴቴትን ከመቀላቀል እስከ ማንጠር፦ ኤስተር ለሚሠሩ ዝርዝር መመሪያ

ኤስተር፣ ማለትም አሲድና አልኮል ተጣምረው የሚሰጡትን ውሁድ፣ ለመሥራት ከሚነሡት መካከል ብዙዎቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። አልኮሉንና አሲዱን ቀላቅለው ማሞቅ በጀመሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን የሙዝ ሽታ ይሞላዋል፤ እነርሱም ተሳካ ብለው ማሞቂያውን ያጠፋሉ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ የሚቀረው ግን ደፍረስ ያለ፣ ከሙዙ ሽታ ሥር ኮምጣጤ የሚሰነፍጥበት፣ ለሽቶ ሥራ የማይሆን ፈሳሽ ነው። አፍንጫ ይህን ኤስተር እጅግ በአነስተኛ መጠን ስለሚለየው፣ ገና የተጀመረ ሥራ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ማሽተት የሚፈቀደው በመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚታመኑት ሰዓት፣ ሊትመስ ወረቀት (አሲድ ሲነካው የሚቀላ፣ ቤዝ የተባለው የአሲድ ተቃራኒ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን ወረቀት) እና ቴርሞሜትር ናቸው።

ለምሳሌ የተመረጠው አይሶአሚል አሴቴት ነው። የሙዝና የፒር ፍሬ መዓዛ ባላቸው ሽቶዎችና ጣፋጮች ውስጥ የሚገባ ኤስተር ሲሆን፣ ነጥበ ፍሌቱ (የሚፈላበት ሙቀት) 142 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 0.876 ግራም ነው። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። እነዚህ ሦስት ጠባዮች ለጀማሪ የሚመች ያደርጉታል። መመሪያው የተጻፈው ጭስ የሚስብ የአየር ማውጫና የመስታወት ዕቃ ባለው ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እንጂ ለማእድ ቤት አይደለም።

አስቀድሞ ሊገባ የሚገባው፦ ውሃው ነው ችግሩ

ካርቦክሲሊክ አሲድና አልኮል ሲጣመሩ አንድ ሞለኪውል ኤስተርና አንድ ሞለኪውል ውሃ ይገኛሉ። ይህ ውሃ እዚያው ፍላስኩ ውስጥ ስለሚቀር የተሠራውን ኤስተር መልሶ ወደ አሲድና አልኮል ይሰብረዋል። መሥራቱና መሰበሩ እኩል ፍጥነት የያዙ ዕለት (ሚዛን የምንለው ይህንን ነው)፣ ቀኑን ሙሉ ቢያሞቁትም ምርቱ አይጨምርም።

ሁለቱን በእኩል ሞል (በሞለኪውል ብዛት እኩል) ቢቀላቅሉ አጸግብሮቱ፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡ፣ የሚቆመው ከአልኮሉ 67 በመቶ ያህሉ ወደ ኤስተር ሲለወጥ ነው። አሲዱን እጥፍ ቢያደርጉት ወደ 85 በመቶ፣ ሦስት እጥፍ ቢያደርጉት ወደ 90 በመቶ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ግን ድካሙን አይመልስም፤ የተረፈውን አሲድ ሁሉ በኋላ አጥቦ ማውጣት አለና። እዚህ የምንጠቀምበት መጠን ለአንድ ሞል አልኮል 2.5 ሞል አሲድ ሲሆን፣ ወደ 88 በመቶ ያደርሳል።

ትርፍ የሚደረገው ለምን አሲዱ ሆነ? አሴቲክ አሲድ በውሃ በሚገባ ስለሚሟሟ በእጥበት ይወገዳል። አይሶአሚል አልኮል ግን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ የሚፈላውም በ131 ዲግሪ ስለሆነ ከኤስተሩ ጋር በጣም ይቀራረባል። አልኮሉን ያተረፈ ሰው በኋላ በማጠብም ሆነ በማንጠር (አፍልቶ ትነቱን በማቀዝቀዝ) ሊለየው ሲታገል ይውላል።

ወደ ድብልቁ የሚጨመረው ሰልፈሪክ አሲድ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮቱን የሚያፋጥን) ነው፤ የሚያሳጥረው ጊዜውን እንጂ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ እምብዛም አይለውጥም። ስለዚህ ምርት እንዲበዛ ብሎ መጠኑን መጨመር የሚያተርፈው የጠቆረ ፈሳሽ ነው።

ዝግጅት

የሚከተሉትን ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት መዝነውና ለክተው በጠረጴዛው ላይ ይደርድሩ፤ አጸግብሮቱ ከተጀመረ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መሄድ የአደጋ መነሻ ነው።

- አይሶአሚል አልኮል፦ 15 ሚሊ ሊትር (12.2 ግራም፣ 0.138 ሞል)።
- ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፦ 20 ሚሊ ሊትር (21 ግራም፣ 0.35 ሞል)። የምግብ ኮምጣጤ አይተካውም፤ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነውና አጸግብሮቱን ገና ሲጀመር ወደ ኋላ ይገፋዋል።
- ባለ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ፦ 4 ሚሊ ሊትር።
- 5 በመቶ የሶዲየም ባይካርቦኔት ሙሙት፦ 100 ሚሊ ሊትር።
- በገበታ ጨው የጠገበ ውሃ፦ 25 ሚሊ ሊትር።
- ውሃ አልባ ማግኒዥየም ሰልፌት፦ 3 ግራም።
- ቀይና ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት፣ የማፍያ ጠጠሮች፣ ጥጥ።

ከመስታወት ዕቃ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ክብ ፍላስኮች፣ ኮንደንሰር (ትነትን በውሃ አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ ቱቦ)፣ 250 ሚሊ ሊትር መለያ ፈነል፣ ባለ ቅርንጫፍ የማንጠሪያ ራስ፣ እስከ 200 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትርና ሦስት ኤርለንማየር (ሾጣጣ) ፍላስኮች ያስፈልጋሉ። ምርቱ የሚጠራቀምበትን ዕቃ ባዶውን መዝነው ክብደቱን ይጻፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ በመጨረሻም ምርቱን ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለብጥ ግማሽ ግራሙን ያጣል።

ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ካገኙት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው ያቅልጡት፤ በምድጃ ላይ አያስቀምጡት።

ማስጠንቀቂያ

የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አሲድ የሚቋቋም ጓንትና ረጅም ካፖርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይወልቁም። የኤስተሩ ትነት በ25 ዲግሪ ገደማ እንኳ በነበልባል ሊቀጣጠል ስለሚችል ክብሪት፣ የጋዝ ምድጃና ሲጋራ በክፍሉ ውስጥ አይኑሩ፤ ማሞቂያው ነበልባል የሌለው የኤሌክትሪክ ይሁን። ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ የነካውን ልብስ አውልቀው ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ያጥቡት እንጂ በቤኪንግ ሶዳ ሊያመክኑት አይሞክሩ።

ፖሊስታይሪን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ዕቃ ኤስተሩን አይችልም፤ ይለሰልሳል፣ ይሟሟልም። የጎማ ቡሽም እንዲሁ ያብጣል። መስታወት ብቻ ይጠቀሙ።

አንድ ነገር ደግሞ በብዙ መመሪያዎች ውስጥ ስለማይጻፍ ላንሣው። አይሶአሚል አሴቴት የማር ንብ ስትነድፍ ሌሎቹን ለጥቃት የምትጠራበት ሽታ ዋነኛ አካል ነው። በአቅራቢያ ቀፎ ካለ፣ ይህ ሽታ በልብስዎ ላይ እያለ ወደዚያ አይጠጉ።

ደረጃ 1፦ መቀላቀል

1. አልኮሉን ወደ ክብ ፍላስኩ ያስገቡ፤ አሴቲክ አሲዱን ያስከትሉ፤ ፍላስኩን በቀስታ ያሽከርክሩት።
2. ፍላስኩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያቁሙ። ሰልፈሪክ አሲዱን በጠብታ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጠብታ በኋላ እያሽከረከሩ ይጨምሩ። ለ4 ሚሊ ሊትር ሦስት ደቂቃ ያህል ይስጡት።
3. ሦስት ወይም አራት የማፍያ ጠጠሮች ይጨምሩ።

*ስሕተት ሲፈጠር።* ጠብታው ያረፈበት ቦታ ቡናማ ከሆነ አሲዱ በፍጥነት ገብቷል፣ ወይም በደንብ አልተደባለቀም ማለት ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ቀላል ቡናማ ቀለም ሥራውን አያበላሽም፤ በማንጠሩ ጊዜ ፍላስኩ ውስጥ ይቀራል። ፈሳሹ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን አልኮሉ መቃጠል ጀምሯልና አይቀጥሉበት።

ደረጃ 2፦ እየተነነ ተመልሶ እንዲወርድ ማፍላት

ኮንደንሰሩን በፍላስኩ ዐናት ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ፤ ከላይ ካስገቡት ቱቦው በሙሉ በውሃ አይሞላም። የኮንደንሰሩ ዐናት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዝግ ዕቃን በምንም ምክንያት አያሙቁ፤ ይፈነዳል።

ማሞቂያውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ፈሳሹ መፍላት ሲጀምር ትነቱ በኮንደንሰሩ ግድግዳ ላይ እርጥብ ቀለበት ሠርቶ ወደ ላይ ሲወጣ ያዩታል። ያ ቀለበት ከኮንደንሰሩ የታችኛው ሢሶ በላይ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ሙቀቱን ይቀንሱ። ጠብታዎቹ አንድ በአንድ፣ ሊቆጠሩ በሚችሉበት ፍጥነት ወደ ፍላስኩ ሲመለሱ ሙቀቱ ልክ ነው። ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከዚህች ቅጽበት እንጂ ማሞቂያው ከበራበት ጊዜ አይደለም። ሙሉ 60 ደቂቃ ይቆይ።

የሙዙ ሽታ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። አይስሙት። ሽታው የሚነግርዎ አጸግብሮቱ መጀመሩን ብቻ ነው።

*ስሕተት ሲፈጠር።* ፈሳሹ ሳይፈላ ቆይቶ ድንገት እየዘለለ የሚንደቀደቅ ከሆነ የማፍያ ጠጠር ረስተዋል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ረስቼ ፈሳሹ ከጋለ በኋላ ትዝ ቢለኝ፣ ሁለት ጠጠሮች ከላይ ጣልሁበት፤ ፈሳሹ በኮንደንሰሩ ዐናት ገንፍሎ ጠረጴዛውን አለበሰው። ትክክለኛው መንገድ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ ፍላስኩ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ መጠበቅ፣ ከዚያ ጠጠሩን መጨመርና እንደገና መጀመር ነው። ለማንጠርም አዲስ ጠጠር ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የገባበት ጠጠር ዳግመኛ አይሠራም።

የማቀዝቀዣው ውሃ በመሃል ቢቋረጥ መጀመሪያ ማሞቂያውን ያንሡ፤ ቧንቧውን የሚመለከቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 3፦ በውሃ ማጠብ

ፍላስኩ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪወርድ ይጠብቁ። የመለያ ፈነሉ የታችኛው መዝጊያ መዘጋቱን አይተው 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያስገቡበት፤ ከዚያ ጠጠሮቹን ወደ ኋላ አስቀርተው የቀዘቀዘውን ድብልቅ በውሃው ላይ ያፍስሱ። ቅደም ተከተሉ ይህ የሆነው ድብልቁ ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ ስላለ ነው፤ አሲድ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይፈስም።

ፈነሉን ከድነው፣ ክዳኑን በመዳፍዎ ደግፈው ይገልብጡትና ወዲያው የታችኛውን መዝጊያ ከፍተው የታመቀውን አየር ያስወጡ፤ አፉ ወደ ሰው ፊት እንዳይዞር። ከዚያ በቀስታ አሥር ጊዜ ያህል ያዋዙት፤ በየመሃሉ አየር ያስወጡ። ፈነሉን ቀለበቱ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ያንሡ፤ ክዳኑ ሳይነሣ ከታች ሊያፈስሱ የሚታገሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሁለት ንብርብሮች ይታያሉ። ኤስተሩ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ነው፤ ታችኛውን ውሃ ወደ አንድ ኤርለንማየር ያውጡ። ይህን እጥበት በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ጊዜ ይድገሙት። በውሃው የሚጠፋው ኤስተር ያሳስብዎ ይሆናል፤ 75 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዞት የሚሄደው ግን ከ0.2 ግራም አይበልጥም። በሌላ በኩል ያልታጠበ አሲድ የሚያስከትለው ጣጣ ምርቱን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል።

*ስሕተት ሲፈጠር።* የትኛው ንብርብር የትኛው እንደሆነ ከጠፋብዎ በጠብታ መጨመሪያ ጥቂት ውሃ ከላይ ይጨምሩና ጠብታውን በዓይንዎ ይከተሉት። የላይኛውን ንብርብር ሰንጥቆ ወርዶ ከታችኛው ጋር ከተቀላቀለ ውሃው ከታች ነው። የትኛውንም ንብርብር ቢሆን ምርቱ ተመዝኖ እስኪያልቅ ድረስ አይድፉ። በዚህ ሥራ ላይ ከሚጠፋው ኤስተር ብዙው የሚጠፋው በእቃ ማጠቢያው ገንዳ በኩል ነው።

በሁለቱ መካከል እንደ ወተት የነጣ፣ የማይለይ ድብልቅ ከተፈጠረ በኃይል አዋዝተውታል። 5 ሚሊ ሊትር ጨው የጠገበ ውሃ ጨምረው በዝግታ ያሽከርክሩትና ለአሥር ደቂቃ ይተዉት። ውሃው በጨው ሲከብድ ድብልቁ አብዛኛውን ጊዜ ይለያል።

ደረጃ 4፦ የቀረውን አሲድ ማምከን

ብዙ ሰዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

1. 25 ሚሊ ሊትር የባይካርቦኔት ሙሙት ወደ ፈነሉ ያስገቡ። አይክደኑት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ እየሠራ ይወጣል። ፈነሉን ክፍት እንደሆነ በዝግታ ያሽከርክሩትና አረፋው እስኪበርድ ድረስ ይጠብቁ።
2. አሁን ይክደኑ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጠው ወዲያው አየር ያስወጡ። የሚወጣው አየር ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ።
3. ንብርብሮቹ ከተለዩ በኋላ ታችኛውን አውጥተው ከእርሱ አንድ ጠብታ በቀይ ሊትመስ ወረቀት ላይ ያሳርፉ። ወረቀቱ ሰማያዊ ከሆነ አሲዱ አልቋል። ካልተለወጠ ከቁጥር አንድ ጀምሮ በአዲስ 25 ሚሊ ሊትር ይድገሙት፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር መውሰዱ የተለመደ ነው።

በባይካርቦኔት ፈንታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጠቀም ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል። አያድርጉት። ጠንካራ ቤዝ ኤስተሩን ራሱን ወደ አሲዱ ጨውና ወደ አልኮል ይሰብረዋል፤ ሳሙና የሚሠራበት አጸግብሮት ይኸው ነው።

*ስሕተት ሲፈጠር።* ክዳኑ ተስፈንጥሮ ከወጣ ጋዙ ሳይበርድ ከድነውታል። የፈሰሰውን ከመጥረግዎ በፊት በፈነሉ ውስጥ የቀረውን ያድኑ፤ የፈሰሰው ላይ ደረቅ ባይካርቦኔት ይነስንሱ።

ደረጃ 5፦ ማድረቅ

25 ሚሊ ሊትር ጨው የጠገበ ውሃ ጨምረው አዋዝተው ይለዩ። ጨው የጠገበው ውሃ በኤስተሩ ውስጥ የተሰወረውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ማድረቂያ በፊት ግማሹን ሥራ ይጨርስልዎታል። ከዚያ ኤስተሩን በፈነሉ በላይኛው አፍ ወደ ደረቅ ኤርለንማየር ይገልብጡት፤ በታችኛው ቧንቧ ካወጡት እዚያ የቀረውን ጠብታ ውሃ ይዞ ይወርዳል።

ማግኒዥየም ሰልፌቱን በግማሽ የሻይ ማንኪያ መጠን ይጨምሩና ያሽከርክሩ። የመጀመሪያው ዱቄት እርስ በርሱ ተጣብቆ ከታች ይጓጉላል። ሌላ ይጨምሩ። የተጨመረው ዱቄት ሳይጓጉል እንደ አቧራ ሲበተንና ፈሳሹ ጥርት ብሎ በስተጀርባው ያለ ጽሑፍ ሲነበብ በቂ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አቆይተው በጥጥ አጣሩት። ከዚህ በላይ ዱቄት መጨመር ኤስተሩን መጥጦ ያስቀራል።

ካልሲየም ክሎራይድ በእጅዎ ቢኖርም ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት፤ ከአልኮል ጋር ስለሚተሳሰር ፈሳሹን ያወሳስበዋል።

ደረጃ 6፦ ማንጠር

ሁሉም የመስታወት ዕቃ ደረቅ መሆን አለበት። ኤስተሩን ከአዲስ የማፍያ ጠጠሮች ጋር ወደ ፍላስኩ ያስገቡ። የቴርሞሜትሩን ቋት የላይኛው ጫፉ ከቅርንጫፉ ቱቦ የታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርገው ያስተካክሉ። ቋቱ ከዚህ ከፍ ካለ ትነቱ በሚገባ ስለማያገኘው ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ጥሩ ኤስተርም መጥፎ ተብሎ ይጣላል።

መጀመሪያ የሚወጣውን ለብቻው በአንድ ዕቃ ይቀበሉ። ቴርሞሜትሩ 137 ሲደርስ አስቀድመው ወደ መዘኑት ዕቃ ይቀይሩና እስከ 143 ያለውን ይሰብስቡ። ፍላስኩ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሊትር ሲቀር ያቁሙ፤ እስኪደርቅ ማሞቅ አደገኛ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ባለ ቦታ የሚሠራ ሰው እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ሊወስዳቸው አይገባም። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ነጥበ ፍሌትም ይወርዳል፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ኤስተሩ የሚፈላው ወደ 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። 137ን ሲጠብቅ ምርቱ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ዕቃ የገባበት ሰው አውቃለሁ።

*ስሕተት ሲፈጠር።* ቴርሞሜትሩ የሚቆምበት ቦታ ስሕተቱን ይነግርዎታል፤ የሚከተሉት ቁጥሮች በባሕር ወለል ግፊት ናቸው።

- በ94 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ የሚወርደው ጠብታ ደፍራሳ ከሆነ ማድረቁ አልተሳካም። ውሃና ኤስተር ተያይዘው አብረው የሚፈሉት በዚህ ሙቀት ነው። ያቁሙ፣ ያቀዝቅዙ፣ የወጣውንና የቀረውን ቀላቅለው ከደረጃ 5 ይጀምሩ።
- በ118 ዲግሪ ዙሪያ ቆይቶ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ካወጣ አሴቲክ አሲድ ቀርቷል፤ ደረጃ 4 ይደገማል።
- ከ130 እስከ 135 ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ያልተለወጠ አልኮል አለ። ማፍላቱ ከ60 ደቂቃ አንሷል፣ ወይም አሴቲክ አሲዱ ውሃ ነበረበት። ይህን ክፍል ለይተው ያስቀምጡ እንጂ ከምርቱ ጋር አይቀላቅሉት።
- ፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከጠቆረ ሰልፈሪክ አሲድ ሳይታጠብ ቀርቷል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ መመዘንና መፈተሽ

0.138 ሞል አልኮል በሙሉ ቢለወጥ የሚሰጠው 18 ግራም ነው፤ የአጸግብሮቱ ሚዛን የሚፈቅደው ደግሞ 15.8 ግራም ያህል። ከዚህ ውስጥ ከ11 እስከ 14 ግራም ያገኘ ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ለምሳሌ 13 ግራም ቢሆን 13ን ለ18 ሲያካፍሉ 72 በመቶ ይመጣል። ከ16 ግራም በላይ ከሆነ አይደሰቱ፤ ትርፉ ውሃ ወይም አልኮል ነው።

የብርሃን ስብረትን የሚለካ መሣሪያ (ሪፍራክቶሜትር) ያለው ሰው በ20 ዲግሪ 1.400 የሚጠጋ ንባብ ይጠብቅ፤ የአልኮሉ 1.406 ገደማ ነው። መሣሪያው ከሌለ አንድ ጠብታ በእርጥብ ሰማያዊ ሊትመስ ላይ ያሳርፉ፤ መቅላት የለበትም።

ደረጃ 8፦ ማሽተትና ለሽቶ ማዘጋጀት

ጠርሙሱን ከአፍንጫ ሥር አድርጎ መሳብ ራስ ምታት ያመጣል እንጂ ስለ መዓዛው አያስተምርም። 1 ግራም ኤስተር ከ9 ግራም ንጹሕ ኤታኖል ጋር ቀላቅለው 10 በመቶ ሙሙት ያዘጋጁ፤ ከእርሱ ደግሞ በዚሁ መንገድ 1 በመቶ ይሥሩ። ጠባብ የማሽተቻ ወረቀት ጫፉን ነክረው ኤታኖሉ እስኪተን ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያሽትቱ። በ10 በመቶው የጥፍር ቀለም የሚመስል ሸካራ ሽታ ይሰማል፤ በ1 በመቶው የበሰለው ፍሬ ብቅ ይላል። ሥር ላይ ኮምጣጤ ካለ የሚታወቀውም እዚህ ነው።

በሽቶ ውስጥ ይህ ኤስተር ቶሎ ተኖ ከሚጠፉት ስለሆነ እንዲቆይ ብሎ መጠኑን መጨመር አይረዳም። መዓዛው ሥር እንዲኖረው በዝግታ ከሚተኑት ጋር ይጣመር፤ የጃስሚን ጠባይ ያለው ቤንዚል አሴቴት በ212 ዲግሪ፣ መዓዛው እምብዛም የሆነው ቤንዚል ቤንዞዌት ደግሞ በ323 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈሉ ከእርሱ በኋላ ይቀራሉ። በቆዳ ላይ ለሚውል ሽቶ የሚፈቀዱትን መጠኖች ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ባወጣቸው ደንቦች ውስጥ ይመልከቱ።

ፍራፍሬ የሚሸቱ ኤስተሮችን ቤት ውስጥ በሚሠራ ሳሙና ውስጥ ጨምረው ሽታው በሳምንት የጠፋባቸው ሰዎች ምክንያቱን በደረጃ 4 ያገኙታል፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ቤዝ ኤስተሩን ሰብሮታል።

ምርቱን እስከ አፉ በተሞላ ጥቁር ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ፣ ስምና ቀን ጽፈው፣ ከሙቀት ያርቁ። በዚህ መንገድ የተሠራውን ኤስተር ምግብም ሆነ መጠጥ ውስጥ አይጨምሩ። ለምግብ የሚውለው ራሱ ሞለኪውሉ ቢሆንም፣ የሚሠራው ለምግብ ከተፈቀደ ጥሬ ዕቃ፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ዕቃ ነው፤ ንጽሕናውም ይመረመራል። የላብራቶሪ ፍላስክ ትናንት ምን እንደነበረበት አፍንጫ አይነግርዎትም።

ሌላ ኤስተር ለመሥራት የሚለወጠው ምንድን ነው?

ደረጃዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ አራት ነገሮች ግን አስቀድመው መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው እፍጋት ነው። ከሳሊሲሊክ አሲድና ከሜታኖል የሚገኘው ሜታይል ሳሊሲሌት እፍጋቱ 1.18 ስለሆነ ከውሃው በታች ይተኛል። የደረጃ 3ን ትእዛዝ በልማድ የተከተለ ሰው ምርቱን ይደፋዋል። ሜታኖል ደግሞ ዓይን የሚያሳውር መርዝ ነው፤ ሜታይል ሳሊሲሌትም በጥቂት ሚሊ ሊትር ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው መሟሟት ነው። ኤታይል አሴቴት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 8 ግራም ያህል ይሟሟል። በተራ ውሃ ደጋግመው ካጠቡት ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ጨው የጠገበ ውሃ፣ ያም በጥቂቱ፣ ይጠቀሙ።

ሦስተኛው የአሲዱ ሽታ ነው። አናናስ የሚሸተው ኤታይል ቢዩቲሬት የሚሠራው የተበላሸ ቅቤ ከሚሸተው ቢዩቲሪክ አሲድ ነው። አንድ ጠብታ ልብስ ላይ ከወደቀ ለቀናት አይለቅም፤ ዕቃዎቹን ከአየር መሳቢያው ሳያወጡ በባይካርቦኔት ያጥቡ። ኤስተሩም እርጥበት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከቆየ ቀስ እያለ ወደዚያው ሽታ ይመለሳል፤ ስለዚህ የደረጃ 5 ማድረቅ ለእርሱ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል።

አራተኛው የአልኮሉ ቅርጽ ነው። የላቬንደር መዓዛ ያለውን ሊናሊል አሴቴት ከሊናሎል በዚህ ዘዴ ለመሥራት የሚሞክር ሰው አይሳካለትም። የሊናሎል ኦክሲጅን ያረፈበት ካርቦን ከሦስት ሌሎች ካርቦኖች ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ኤስተር ከመሆን ይልቅ ውሃውን ጥሎ ወደ ሌሎች ውሁዶች ይለወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ አልኮል አሴቲክ አንሃይድራይድን ያለ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በዝቅተኛ ሙቀት መጠቀም ያስፈልጋል፤ አንሃይድራይዱ ግን ከውሃ ጋር በኃይል ስለሚጋጭና ትነቱ ዓይንን ስለሚያቃጥል፣ ከላይ ያለውን ሥራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት ያልጨረሰ ሰው ባይነካው ይሻላል።